ግድግዳ የሌላቸው መስኮቶች

የአገራችንን ስም አልጽፍም። ጠልቼው ወይም ፈርቼ አይደለም። በእኛ ደንብ የአገሩ ስም የሰፈረበት ወረቀት ሁሉ እንደ ማመልከቻ ይቆጠራል፤ ማመልከቻ ከሆነ ደግሞ ከስምንት ወር በኋላ መልስ ይመጣበታል። እኔ መልስ አልፈልግም። የምፈልገው የሆነውን እንደሆነው መናገር ብቻ ነው።

ስሜ ውብአንተ ይባላል። አስተማሪ ነኝ፤ የማስተምረውም ሒሳብ ነው። ተጠራጣሪ ሰው መሆኔን የሚያውቀኝ ሁሉ ይነግራችኋል፣ እኔም አልክድም። ልጅ ሳለሁ አባቴ ማንበብ በማይችለው ወረቀት ላይ አውራ ጣቱን አሳረፈ። በሳምንቱ ቤታችን የሌላ ሰው በቅሎዎች ማደሪያ ሆነ። ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ እውቀት ጠምቶኝ ሳይሆን ሁለተኛ እንዳልታለል ብዬ። ደብዳቤ ሲመጣልኝ ከማንበቤ በፊት ወደ ፀሐይ አቅንቼ አየዋለሁ። ሰው በነጻ የሆነ ነገር ሲሰጠኝ የማየው የዘረጋውን እጅ ሳይሆን ወደ ኋላ ያስቀረውን ነው።

ትምህርት ቤታችን በከተማዋ ዳር፣ ቆዳ ፋቂዎች በሚኖሩበት ሰፈር ነበር። ያቋቋሙት እትዬ የሻረግ ናቸው። ባላቸው የቆዳ ነጋዴ ነበሩ፤ ሲሞቱ መጋዘኑ ለእሳቸው ቀረ፣ እሳቸው ደግሞ የሰፈሩን ልጆች ሰብስበው አስገቡበት። ቆዳ ፀሐይ እንዳይነካው ተብሎ የተሠራ ስለነበር መስኮት የሚባል ነገር የለውም። በሩን ከፍተን በበሩ ብርሃን እናስተምር ነበር። ከበሩ የራቁት ልጆች ፊደሉን በዓይናቸው ሳይሆን በጆሯቸው ነው የተማሩት ማለት ይቻላል። ስልሳ ሦስት ነበሩ።

አንድ ቀን በምሥራቁ ግድግዳ ላይ ስንጥቅ ወጣ። መጀመሪያ የስፌት ክር ያክል ነበር። ወር ሳይሞላው መዳፌን አስገባሁበት። ግንበኛው አቶ ጎንጤ መጥቶ ግድግዳውን በጡጫው ነካ ነካ አደረገና፣ «ይሄ ክረምቱን አይሻገርም። አፍርሳችሁ እንደገና ገንቡት» አለን። ወላጆች ጉልበት እንሰጣለን አሉ። ድንጋዩ ከወንዝ፣ ጭቃው ከደጃችን ነበር። የሚጎድለን የጣራው እንጨትና ቆርቆሮ ብቻ ነው፣ ያን ለመግዛት ግን አቅም አልነበረንም።

በዋናው ከተማ የለጋሾች አዳራሽ የሚባል ትልቅ ቤት አለ። ለጋሾቹን አይቻለሁ የሚል ሰው አላጋጠመኝም። አዳራሹ ግን በየዓመቱ ለትምህርት ቤቶች ድጋፍ ይሰጣል፤ የሚፈልግ ሁሉ ቅጽ እንዲሞላ ማስታወቂያ ይለጠፋል። እትዬ የሻረግ ማስታወቂያውን ያዩ ዕለት ነጠላቸውን እንኳ በቅጡ ሳያጣፉ እየሮጡ መጡ።

«ውብአንተ! ተገኘ!»

«ምኑ?»

«ቆርቆሮው ነዋ!»

«ማን ነው የሚሰጠው?»

«ለጋሾቹ።»

«ለምን?»

እትዬ የሻረግ ቆም ብለው አዩኝ። «ሰው ለሰው ለምን ይሰጣል?» አሉኝ። እኔም ይህንኑ ነበር የጠየቅሁት።

ቅጹ ዘጠና አራት ገጽ ነበር። አንድም ሳላስቀር አነበብኩት። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ የሚጎድላችሁ ምንድን ነው ይላል። ሁለተኛው፣ የሚጎድላችሁ ነገር ባይሟላም መኖር እንደምትችሉ በማስረጃ አረጋግጡ ይላል። ወረድ ብሎ፣ ድጋፉን ብትከለከሉ ምን ያህል ታዝናላችሁ የሚል አለ፤ ከአንድ እስከ አምስት ባለው ቁጥር ማክበብ ነው። እትዬ የሻረግ አምስትን ሊያከብቡ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ። አምስት ያከበበ ሰው ራሱን መቆጣጠር አይችልም ይሉናል ብዬ ሦስትን አስከበብኳቸው።

ከሁሉ ያስጨነቀኝ ግን ከመጨረሻው ገጽ በታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ነው። ደንብ ዘጠኝ ይባላል። እንዲህ ይላል፦ አመልካቹ ጉዳዩ በሚታይበት ጊዜ የራሱን ችግር በራሱ ካቃለለ፣ ችግረኛ አለመሆኑን እንዳስመሰከረ ተቆጥሮ ማመልከቻው ይሰረዛል።

«ይሄን አይተውታል?» አልኳቸው።

«አይቼዋለሁ። ትንሽ ጊዜ ነው፣ እንታገሣለን።»

ወላጆቹ ግን ደንብ ዘጠኝን አያውቁም። ቅጹን በላክን በሁለተኛው ሳምንት፣ እሑድ ቀን፣ ከወንዝ ድንጋይ ተሸክመው መጥተው በግቢው ከመሩ። ሰኞ ስደርስ ክምሩን አየሁና ደነገጥኩ። ማን እንደሚያየን፣ ማን ለአዳራሹ እንደሚነግር አይታወቅም። በመንገድ የሚያልፈው ሁሉ ሰላይ መስሎ ታየኝ። ወላጆቹን ጠርቼ ድንጋዩን ወደ ወንዙ እንዲመልሱ አደረግሁ። አንዱ አባት ተሸክሞ እየወጣ፣ «መምህር፣ እኔ ያልተማርኩ ነኝ፣ እርስዎ ያውቃሉ» አለኝ። ይህን የምጽፈው ያስመለስኩት እኔ መሆኔ እንዲታወቅ ነው። እትዬ የሻረግ የዚያን ቀን ገበያ ነበሩ።

ከአራት ወር በኋላ የአዳራሹ ችግር መዛኝ መጣ። በአገራችን ይህ የታወቀ ሙያ ነው፤ ችግር መዛኞች በየከተማው እየዞሩ ችግርን ይለካሉ። የእኛ መዛኝ አቶ ደምመላሽ የሚባል ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። የቆዳ ቦርሳ ይዟል። ከቦርሳው ሜትርና ትንሽ መዶሻ አወጣ፣ የስንጥቁን ርዝመትና ስፋት ለካ፣ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ አዳመጠ። በመጨረሻም በአክብሮት ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ተመለከተው።

«ጥሩ ስንጥቅ ነው» አለ። «እንዲህ ያለ ካየሁ ቆየሁ።»

«እንግዲያው ድጋፉ ይሰጠናል?» አሉ እትዬ የሻረግ።

«የዘንድሮው መሪ ቃል መስኮት ነው።»

«አልገባኝም።»

«አዳራሹ በየዓመቱ አንድ መሪ ቃል አለው። ዘንድሮ የሚሰጠው መስኮት ነው። ግድግዳ የዛሬ ስድስት ዓመት ነበር። ያኔ አመልክታችሁ ቢሆን ኖሮ…»

«ያኔ ግድግዳው ደህና ነበር» አልኩት።

«እሱም አንዱ ችግር ነው» አለና ጻፈው።

ከመሄዱ በፊት እትዬ የሻረግ ለብቻው ወደ ጓሮ ወሰዱት። እኔ ከሩቅ ቆሜ አየኋቸው። ሲነጋገሩ ቆዩ። እኔ ሳልሰማ የሚባል ምን ነገር አለ? ሲመለሱ ምን እንደተባባሉ ጠየቅኋቸው።

«ልጆች እንዳሉት ጠየቅሁት።»

«ምን አለዎት?»

«ጥያቄው በቅጹ ላይ የለም አለኝ።»

አላመንኳቸውም። ለሁለት ሳምንት ያህል በዓይኔ ተከታተልኳቸው፤ አዲስ ጫማ ገዝተው እንደሆነ እንኳ ዝቅ ብዬ አይቻለሁ። አልገዙም።

ምን ይደረግ? ቆርቆሮ ብለን የጻፍነውን ሰርዘን መስኮት ብለን ላክን። በጸደይ መጨረሻ አሥራ ሁለት መስኮቶች በጋሪ ተጭነው መጡ። ያማሩ ነበሩ፤ የጥድ ክፈፍ፣ ወፍራም መስታወት፣ የናስ መቀርቀሪያ። ልጆቹ ዙሪያቸውን ከበው በመስታወቱ ውስጥ እርስ በርስ ምላስ ያወጣጡ ጀመር። ከመስኮቶቹ ጋር ደብዳቤ ነበር፤ ወደ ፀሐይ አቀናሁት፣ የተደበቀ ነገር የለውም። የተጻፈው ግን ይበቃ ነበር። በሠላሳ ቀን ውስጥ መስኮቶቹ ተገጥመው፣ ልጆቹ በመስኮቶቹ ሲመለከቱ የሚያሳይ ፎቶግራፍ እንድንልክ፤ መዛኙም መጥቶ እንዲያረጋግጥ፤ ይህ ካልሆነ የትምህርት ቤታችን ስም በውለታ ቢሶች መዝገብ እንደሚገባና ለአሥራ ሁለት ዓመት ከማንም ድጋፍ እንደማናገኝ ያስታውቃል።

አቶ ጎንጤን ጠራነው። ግድግዳውን አየ፣ መስኮቶቹን አየ፣ እኛን አየ።

«በዚህ ግድግዳ ላይ አሥራ ሁለት ቀዳዳ ልክፈት?»

«አዎ» አልኩት።

«መምህር፣ እኔም ልጆች አሉኝ» ብሎ መሣሪያውን ሰብስቦ ሄደ።

ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ሜዳ አለ። ሃያ አራት ቋሚ እንጨት ለምነን ተከልን፣ በየሁለቱ እንጨት መካከል አንድ አንድ መስኮት አቆምን። ልጆቹን ከኋላቸው አስቀመጥናቸው። ፎቶ አንሺው ጠጋ ብሎ ሲያነሳ የሚታየው መስኮት፣ በመስኮቱ ውስጥም የልጅ ፊት ብቻ ነው።

እትዬ የሻረግ ደስ አላላቸውም። «ውብአንተ፣ ይሄ ውሸት አይደለም?»

«መስኮት አለ። ልጆች አሉ። እያዩም ነው። ውሸቱ የቱ ጋ ነው?»

መልስ አልሰጡኝም። እኔም ዝምታቸውን እንደ ስምምነት ወሰድኩት። በሕይወቴ ሙሉ የሌሎችን ቃል እየገለበጥኩ ያየሁ ሰው የራሴን አንድ ቃል አልገለበጥኩም።

ፎቶግራፉ በተላከ በአሥረኛው ቀን አቶ ደምመላሽ ሊያረጋግጥ መጣ። መምጣቱን ስለሰማን ጠዋት ልጆቹን በሙሉ አውጥተን ከመስኮቶቹ ኋላ አሰልፈናቸው ነበር። ሌሊቱን የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ አድሮ ምድሩ ጨቅይቷል። መዛኙ ሜዳው ላይ ቆሞ መስኮቶቹን መቁጠር ጀመረ። ሰባት ላይ ደርሶ ነበር።

ድምፁ እንደ ጉርምርምታ ነው የጀመረው። ዘወር ስንል የምሥራቁ ግድግዳ እንደ ደከመው ሰው ጎንበስ አለ፣ ከዚያ ጣራውን ይዞ ወደ ውስጥ ተዘረገፈ። የተነሳው አቧራ ሜዳውን ሸፈነው። ልጆቹ ጮኹ። እትዬ የሻረግ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው፣ «ቁጠር! ቁጠር!» አሉኝ።

ቆጠርኩ። ስልሳ ሁለት። ደግሜ ቆጠርኩ። ስልሳ ሁለት። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተሳስቼ በሆነ ብዬ የተመኘሁበት ጊዜ የለም።

«ፋናዬ የለችም!» አለ ከልጆቹ አንዱ። «ደብተሬን ረሳሁ ብላ ነበር!»

ወደ ፍርስራሹ ሮጥኩ። በጥፍሬ መቆፈር ጀመርኩ። ከአጠገቤ ሌላ ሰው ድንጋይ ይፈነቅላል፤ ቀና ስል አቶ ደምመላሽ ነው። ቦርሳውን ጭቃ ላይ ጥሏል፣ ጣቶቹ ደምተዋል። «ስሟ ማን ነው? ስሟን ንገሩኝ!» ይላል። ነገርኩት። «ፋናዬ! ፋናዬ!» እያለ ይቆፍራል። ምን ያህል እንደቆፈርን አላውቅም።

ከጀርባችን፣ «አቤት» የሚል ድምፅ መጣ።

ፋናዬ ደብተሯን በደረቷ አቅፋ ቆማለች። ደብተሯን አውጥታ እጇን የነካውን ቀለም ልትታጠብ ወንዝ ወርዳ ነበር። እትዬ የሻረግ አቅፈዋት መሬት ላይ ቁጭ አሉ። መዛኙ ፊቱን አዞረ። ከዚያ ቦርሳውን ከጭቃው አነሳ፣ ጠረገው፣ ወረቀቱን አወጣና መጻፍ ጀመረ። ደሙ ወረቀቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ ጣቱን በመሐረብ አሥሮ ነበር። በትከሻው በኩል አነበብኩት።

ግድግዳ፦ የለም። መስኮት፦ አሥራ ሁለት፣ ሁሉም የቆሙ። ተማሪ፦ ስልሳ ሦስት፣ በደስታ ላይ።

«በደስታ ላይ?» አልኩት። «እያለቀሱ እኮ ነው!»

«ለለቅሶ የተተወ ቦታ የለውም» አለኝ፣ ወረቀቱን እያሳየኝ። እውነቱን ነው። አልነበረውም።

ከሁለት ወር በኋላ አንድ መጽሔት በፖስታ መጣልን። ከፊቱ ላይ የእኛ ልጆች በሜዳው መካከል በመስኮት ይመለከታሉ። በላዩ ላይ በትልቁ የመጪው ዓመት መሪ ቃል ታትሟል፦ ግድግዳ የሌለው ትምህርት ቤት። ውስጡ ሃያ ገጽ ያህል ስለ እኛ ይተርካል። ልጅ በግድግዳ ሲታጠር አእምሮውም እንደሚታጠር የተረዳን የመጀመሪያዎቹ ሰዎች እኛ ነን ይላል። ለዚህም ሽልማት ተወስኖልናል፤ ለልጆቹ በየቀኑ አንድ ጊዜ ምሳ፣ ደብተር በነጻ፣ ለሁለታችን ደመወዝ። ግዴታው አንድ ነው፤ ግድግዳ አለመሥራት።

እትዬ የሻረግ መጽሔቱን ዘግተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። «ምሳ» አሉ። «በየቀኑ።» ከስልሳ ሦስቱ ልጆች ብዙዎቹ ቁርስ ሳይበሉ የሚመጡ ናቸው። ፈረምን። እኔም ፈረምኩ፤ ከመፈረሜ በፊት ግን ወረቀቱን አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ የተደበቀ ነገር አላገኘሁበትም።

ክረምቱን በእትዬ የሻረግ ቤት በፈረቃ አስተማርን። መዛኝ መጣ ሲባል ልጆቹ እየሮጡ ሜዳ ይወጣሉ። ምሳውም ይመጣ ነበር፤ ልጆቹ ጉንጫቸው ሞላ። እውነቱን ለመናገር ደህና ነበርን። ደህና መሆናችን ያሳስበኝ ነበር፣ ምክንያቱን ግን አላውቀውም ነበር።

በክረምቱ አጋማሽ አንድ ሰው ወደ ሜዳችን መጣ። አጭር፣ ትከሻው የጎበጠ፣ በዝናብ የበሰበሰ ካፖርት የለበሰ ሰው ነው። መምህር አየናቸው እባላለሁ አለኝ፤ የሚያስተምረው የሁለት ቀን መንገድ በሚርቅ ከተማ ነው። ከኪሱ መጽሔቱን አወጣ። ጥግ ጥጉ በጣት ብዛት ወይቧል።

«የኛ ትምህርት ቤት ስምንት ክፍል ነበረው» አለ። «አያቶቻችን በጥርብ ድንጋይ የሠሩት። ይሄን ካነበብን በኋላ አፈረስነው። ወላጆች ራሳቸው ናቸው ያፈረሱት። አመልክተን መልሱን እየጠበቅን ነው። ልጆቹ ሜዳ ላይ ይማራሉ።»

መጽሔቱን አጥፎ ወደ ኪሱ መለሰ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነበር የመጣሁት። ዝናብ ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ? መጽሔቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ አላገኘሁትም።»

አየሁት። ይህን ያህል መንገድ ለዚህች ጥያቄ ብቻ? አዳራሹ የላከው ነው አልኩ በልቤ። እውነቱን ካወጣሁ ምሳው ይቀራል። ስለዚህ ፊቴን ኮስተር አድርጌ፣ «ዝናቡን ልጆቹ ይወዱታል» አልኩት።

«ይወዱታል?»

«በጣም። ይለምዱታል።»

ደብተር አውጥቶ፣ ልጆቹ ይወዱታል ብሎ ጻፈ። እንዳይረጥብበት ካፖርቱ ውስጥ ሸጎጠው። እጄን በሁለት እጁ ይዞ አመሰገነኝና በመጣበት መንገድ ተመለሰ።

ከሰዓት በኋላ ነገሩን ለእትዬ የሻረግ ነገርኳቸው፤ ሰላይ አሳፈርኩ ብዬ ኮርቼ ነበር። ይለቅሙት የነበረውን ምስር አስቀመጡ።

«ጫማውን አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«እኔ በደጄ ሲያልፍ አየሁት። ጫማው አፉን ከፍቷል፣ በገመድ ነው ያሠረው። ሰላይ በእግሩ ሁለት ቀን ይመጣል? አዳራሹ ለሰላዩ በቅሎ ያጣል?»

ወደ በሩ ዘወር አሉ።

«እነዚያ ልጆች አሁን የት ነው ያሉት?» አሉኝ። ዝናቡ ውጭ ይወርድ ነበር። ሁለታችንም ሰማነው። «የኛ ስልሳ ሦስት ናቸው፤ እነሱ የዚያ አምስት እጥፍ ቢሆኑስ? ሒሳብ አዋቂው አንተ ነህ፤ ስንት ይሆናሉ?»

«እትዬ፣ ምሳውስ?»

እንባቸው መጣ። «እኔም እሱን እያሰብኩ ነው የማለቅሰው» አሉ። ዓይናቸውን ግን በነጠላቸው ጠረጉና ወረቀት አምጣ አሉኝ። ለአዳራሹ እሳቸው በእጃቸው ጻፉ፤ መስኮቱ እንዴት እንደቆመ፣ ግድግዳው እንዴት እንደወደቀ፣ ክረምቱን የት እንዳስተማርን። ጽፈው ሲጨርሱ፣ «ይሄ የእኔ ነው። ለዚያ መምህር የነገርከው ደግሞ ያንተ ነው። ሄደህ በአፍህ ትነግራቸዋለህ» አሉኝ።

የአዳራሹን መልስ ቀድሜ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙም አያስደንቅም። እውነት መሪ ቃል የሚሆነው ከሁለት ዓመት በኋላ መሆኑን፣ ያን ጊዜ ብናመለክት በደስታ እንደሚታይልን፣ እስከዚያው ግን ምሳው መቋረጡን ገልጸው ጻፉልን። ፊርማው የአቶ ደምመላሽ አልነበረም። እሱ ሥራውን እንደለቀቀ ከጊዜ በኋላ ሰማሁ፤ ለምን እንደለቀቀ የሚያውቅ አላገኘሁም።

እኔ ሁለት ቀን ተጓዝኩ። የመምህር አየናቸው ከተማ ከእኛዋ ትበልጣለች። ትምህርት ቤቱ የነበረበትን ለማግኘት መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ የጥርብ ድንጋይ ክምር ከሩቅ ይታያል። ከክምሩ ማዶ ልጆቹ በመደዳ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፣ ማዳበሪያ ከረጢት ተከናንበው። ሳል ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፍ ነበር።

መምህር አየናቸው ሲያየኝ ፊቱ በራ። «ሊያዩን መጡ!» ብሎ ወላጆቹን አስጠራ። መቶ የሚሆኑ ሰዎች ተሰበሰቡ። ድንጋዩ ላይ ወጥቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስንጥቁን፣ ድንጋይ ማስመለሴን፣ ሜዳው ላይ የተከልነውን እንጨት፣ ለመምህሩ የዋሸሁትን። ስጨርስ ከድንጋዩ ወረድኩ።

ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ «ስንት ከፈሉህ?» አለ።

«ማን?»

«እኛ እንዳናገኝ የላኩህ።»

«ማንም አልላከኝም።»

«እናንተ ምሳ ይመጣላችኋል አይደል?» አለ ሌላው። «ለሁለት ቢካፈል ያንሳል ብላችሁ ነው።»

«እነሱ ግድግዳ የላቸውም፣ እኛ እንድንሠራ ይፈልጋሉ!» አለች አንዲት ሴት። «ደንብ ዘጠኝን አናውቅም መሰላቸው!»

ማልኩላቸው። መማሌ ይበልጥ አስጠረጠረኝ። እኔ ብሆን ኖሮ የሚምል ሰው አላምንም ነበር። እያንዳንዱን ጥያቄ ከመጠየቃቸው በፊት አውቀዋለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ስጠይቀው የኖርኩት ጥያቄ ነው። መልስ እንደሌለውም ያወቅሁት ያኔ ነው። አንድ በአንድ ተበተኑ።

መምህር አየናቸው ብቻ ቀረ። ደብተሩን አወጣና የጻፈውን ገጽ ገልጦ አሳየኝ።

«ባለፈው ልጆቹ ይወዱታል አሉኝ» አለ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ። «ዛሬ ደግሞ ይሄን ይሉኛል። የትኛውን ልያዝ?»

«የዛሬውን።»

«ያን ጊዜም እንዲሁ ዓይኔን እያዩ ነበር የነገሩኝ» አለና ሄደ።

ወደ ቤቴ መመለስ እችል ነበር። የታዘዝኩትን ተናግሬያለሁ። እግሬ ግን አልሄደም። ካፖርቴን አውልቄ ከክምሩ አንድ ድንጋይ አነሳሁና የድሮው መሠረት ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ ሌላ። የግንብ ሥራ አላውቅም፤ የመጀመሪያው ቀን የሠራሁት ክንድ የሚያህል ግድግዳ በማግሥቱ ጠዋት ተደርምሶ ጠበቀኝ። ልጆቹ ሳቁ። ሰዎች በመንገድ ሲያልፉ ቆም ብለው ያዩኛል፣ ከዚያ አንገታቸውን ነቅንቀው ያልፋሉ። ምን ሊያተርፍ ነው ሲሉ ሰማሁ። የት አደርክ፣ ምን በላህ ያለኝ የለም፤ አልፈረድኩባቸውም።

በሁለተኛው ቀን መምህር አየናቸው መጣ። ምንም አላለኝም። የሠራሁትን ጠማማ አፍርሶ ገመድ ወጠረና እንደገና ጀመረ። እኔ አቀብላለሁ፣ እሱ ያስቀምጣል። ቀኑን ሙሉ ሦስት ቃል አልተለዋወጥንም። ግድግዳው ጉልበቴ ድረስ ደረሰ።

በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ጭቃው ከድንጋዩ ላይ እየታጠበ ወረደብን፣ መምህሩም ዛሬ ይቅር አለኝ። ልንተወው ስንል፣ በስብሰባው ላይ ስለ ደንብ ዘጠኝ የጮኸችው ሴት በሜዳው ስትመጣ አየናት። ጥርብ ድንጋይ በጀርባዋ አዝላለች። አጠገቤ ስትደርስ አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠችው፣ እስክትተነፍስ ጥቂት ቆመች፣ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«አሁንም አላመንኩዎትም» አለችኝ። «ልጄ ግን ሌሊቱን ሙሉ ስታስል አደረች።»

ከዚያ ሌላ ልታመጣ ወደ ክምሩ ተመለሰች።